ዓሣ ላርድ የተነሳሁበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ እትዬ ዙልፋ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? ጋሼ እንድሪስ ደህና ነው? ልጆቹስ? የእናታችን የኡሚ ዓይን እንዴት ሆነ፣ የላክሁላት ጠብታ ጠቀማት? ዒዱን እንዴት ዋላችሁ? ደጋን ዝናብ ጣለ ወይስ በልጉ እንዳምናው አኮረፋችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብርዱ ለቆናል፤ ሪከንባከር የሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የመጋዘን ሥራም እንደነበረ ነው። ማታ ማታ እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልኩን የምታነሺው ኡሚ አጠገብ ሆነሽ ነው፤ እሷ ደግሞ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ አልደከመም፣ ድምፅሽ ሲለወጥ ትሰማለች። ስለዚህ ጻፍኩና ለእረፍት ወደ ኮምቦልቻ በምትመጣው በሥራ ባልደረባዬ በመዓዛ እጅ ላክሁት። ከአንቺ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አደራ ብያታለሁ። አንቺም ብቻሽን አታንብቢው፤ ባለቤትሽን ጥሪና አጠገብሽ ይቀመጥ።

ነገሩን ከዳር ዳር ስል ብታገኚኝ ታገሺኝ። ጋሼ ጣሃን አንስቼልሻለሁ፤ የደሴ ሰው ናቸው፣ እዚሁ አጠገባችን ካናል ዊንቸስተር በምትባል ከተማ የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ። በየዓመቱ በረዶው ሲሄድ ወደ ደቡብ፣ አላባማ ወደሚባለው ግዛት ወርደው ከባህር ዓሣ ያጠምዳሉ። በጸደይ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ዳር ይጠጋል ይላሉ። በየዓመቱ ና ይሉኛል፤ እኔም በየዓመቱ ሥራ አለብኝ እላቸዋለሁ። ዘንድሮ ግን ወርቁ፣ ያ ጴንጤው የሥራ ጓደኛዬ፣ ሳይጠይቀኝ ከአለቃችን ጋር ተነጋግሮ ኖሮ፣ ኦፍ አስወስጄልሃለሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሪላክስ አድርግ ብሎ መኪናው ውስጥ ከተተኝ። አሥራ አራት ሰዓት ነዳን። እኔ ዓሣ በአፌ ካላደረግሁ ዓመታት አልፈዋል። እነሱ ሽታውን የምጠላ ይመስላቸዋል።

ባህሩ ውስጥ ርቆ የሚገባ የእንጨት ድልድይ አለ። ግራና ቀኙን ሰው ዘንጉን ይዞ ተደርድሯል፣ ወሬ እንኳ የለም። የድልድዩን ምሰሶ የባህር ቀንድ አውጣ ሸፍኖታል፤ ዓሣው እሱን ሊግጥ ይመጣል፣ ፍየል የግራር ልጥ እንደምትግጠው። ጋሼ ጣሃ መንጠቆዬ ላይ ሽሪምፕ የሚሏትን ትንሽ የባህር ፍጥረት ሰክተው፣ ራቅ አድርገህ አትወርውር፣ ምሰሶው ሥር ቀስ ብለህ አውርደው አሉኝ። እኔ ውሃውን ላለማየት ክሩን ብቻ ነበር የማየው። ስድስት ጊዜ ያህል ዓሣው ሽሪምፑን በልቶብኝ ሄደ። እነ ወርቁ እየሳቁ ሳለ ዘንጉ ከእጄ ሊወጣ ደረሰ፤ ተረባርበን አወጣነው። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፣ ሲከፍተው አፉ ውስጥ ያለው ጥርስ የሰው ጥርስ ይመስላል። ከተወሰነው ልክ ያነሰውን መልሶ መልቀቅ ሕግ ነው፤ ወርቁ ለካውና አልፏል አለ።

እንግዲህ እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ፤ ቢላ አነሳሁ። ደጋን ተወልዶ ያደገ ሰው ሥጋ ካልታረደ እንደማይበላ እንጂ ስለ ባህር ምን ያውቃል? ሳይሞትብኝ ብዬ ተጣድፌ፣ ቂብላው በየት በኩል ነው እያልኩ ዓሣውን ወዲያና ወዲህ አዞርኩት። አጠገባችን ያሉት ፈረንጆች ስልካቸውን አወጡ፣ ወርቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሼ ጣሃ ግን አልሳቁም። እጄን ያዝ አድርገው፣ ልጄ፣ ለዚህ ቢላ አያስፈልገውም፣ የባህር ነገር ሞቶ ቢገኝም ሀላል ነው፣ ነቢያችን እንዲያ ብለዋል አሉኝ። ያኔ ከእጄ ላይ ቢላው ወደቀ። ምን ሆነሃል ቢሉኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው ያልተናገርኩትን ነገር እዚያው ዓሣው እየተንፈራገጠ ነገርኳቸው።

እትዬ፣ ኢምራን ሞቷል።

ይህችን ለመጻፍ እስክሪብቶዬን ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ታናሻችን የመን አልደረሰም። ከጅቡቲዋ ኦቦክ የተሳፈረባት ጀልባ ዳር ሳትደርስ፣ ነጂው የባህር ጠባቂ አየሁ ብሎ ሰዉን ጥልቅ ውሃ ውስጥ አስወረደው። ከቤት በወጣ በሰባተኛው ወር ፊልሞን የሚባል አብሮት የነበረ የወልዲያ ልጅ ከሳዑዲዋ ጂዛን ደወለልኝ። የስልክ ቁጥሬን ኢምራን በቃሉ አስጠንቶት ነበር። ሲሰጥም በዓይኔ አይቻለሁ አለኝ፤ ስሙን፣ የግንባሩን ጠባሳ፣ ሁሉን ነገረኝ። አንቺ የገዛሽለትን ጫማ ውሃ እንዳይነካው አውልቆ በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር አለ። ይህን ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን ከአሁን ወዲያ ከአንቺ ምንም መደበቅ አልፈልግም።

መርዶ በስልክ አይረዳም፣ ራሴ ሄጄ በሽማግሌ አስረዳለሁ ብዬ ያዝኩት። የመኖሪያ ወረቀቴ ዛሬ ይደርሳል ነገ ይደርሳል ሲባል ዓመት ሞላ። ኡሚ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ኢምራን አልደወለልህም ወይ ትለኛለች። አንድ ቀን ጨነቀኝና፣ ሳዑዲ እስር ቤት ያለ ሰው መደወል አይፈቀድለትም አልኳት። እሷም ቃሌን እንደ ምርኩዝ ያዘችው። ወረቀቴ ሲወጣ ደግሞ ወኔዬ አልወጣም፤ የዋሸሁትን ፊት ለፊት ማፍረስ ፈራሁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ የሚባለውን እያወቅሁ አደረቅሁት።

በዚህ መሃል የተቀጣችው ሚስቱ ኸውላ ናት። አራት ወር በሙሽርነት ኖራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠች። ያ አስተማሪ ሽማግሌ ሲልክባት፣ የታሰረ ባሌን ከድቼ አላገባም ማለቷን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እንደ ሴት አለቀስኩ፣ ግን አፌን አልከፈትኩም። እሷን ያሰራት የሳዑዲ መንግሥት አይደለም፣ የእኔ ምላስ ነው።

ጋሼ ጣሃ ሲያዳምጡኝ አላጽናኑኝም። ማን ሰገደበት ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ማንም አልኩ። እንግዲያውስ ለልጁ ዕዳ አለብን፣ በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው፣ ሰላቱን ግን ከእኛ ይጠብቃል አሉ። ዉዱእ አድርገን፣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ሁለታችን ቆመን የጀናዛውን ሰላት በሌለበት ሰገድንበት። ወርቁ ኮፍያውን አውልቆ፣ የሦስታችንንም ዘንግ ይዞ እስክንጨርስ ቆመ። ዓሣውን ያን ቀን ምሳ አደረግነው። በላሁ፤ ጣዕሙ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

አሁን የምለምንሽ ይህ ነው። የመስጊዱን ሼህና ሁለት ሽማግሌ ያዙና በማለዳ፣ ኡሚ ሥራ ሳትጀምር ግቡ። የገበያ ቀን አይሁን። ጎረቤቷ እትዬ ዓለምነሽ ከጎኗ ትቀመጥ፤ ኡሚ እጇን ብትሰጥ ለእሷ ነው። ኸውላ ግን ከሁሉም ቀድማ፣ ከአንቺ አፍ፣ ለብቻዋ ትስማ። አልቅሳ፣ ልብሷን ቀይራ፣ ሰው እየገባ ያጽናናት፤ ሳታገባ የምትቆይበትን ጊዜ፣ ዒዳዋን፣ ሼሁ ይነግሯታል። ኡሚ በየዓረፋው የኢምራንን ድርሻ ቋንጣ አድርጋ የምታስቀምጠውን ለሰደቃ አውጡት። እና እባክሽ እኔን አትሸፍኚኝ። ሱሀይል ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር በያቸው። ኡሚ ብትረግመኝም ልስማው፤ ስልኬ ክፍት ነው። በሰኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ደጋን መጥቼ ከለቅሶው ድንኳን ባልደርስም ከደጃፏ እወድቃለሁ። ከአሁን በኋላ የምፈራው ነገር ቢኖር ያንቺን ዝምታ ነው።

ለጋሼ እንድሪስ እጅ ነሥቻለሁ፤ ይደግፍሽ። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ለእትዬ ዓለምነሽ ብዙ ሰላም በያት፣ ያን ቀን ኡሚን እንዳትለቃት። የኡሚን ጉልበት ሳሚልኝ፤ እሺ ካለችሽ። ለኸውላ ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም፤ ይቅር ብትለኝ ለአላህ ብላ ነው፣ ባትለኝም አልፈርድባትም።

እስከ ዛሬ ከምልከው ዕቃ ጋር በጻፍኳቸው ቁራጭ ወረቀቶች ሁሉ የመጨረሻው መስመር ላይ፣ ኢምራን ከደወለ ሰላም በሉልኝ እያልኩ እጽፍ ነበር። ዛሬ እንዲህ ብዬ ልጻፈው፤ ኢምራንን አላህ ይዘንለት።

ወንድምሽ ሱሀይል

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.