የነጩ ልብስ ልክ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ሲነሳብኝ ከማነከሴ በቀር ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬም እንደ እኔው እያጉረመረመች ትሠራለች።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞርኩት። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ለቤተ ክርስቲያናችን የጥምቀት ልብስ የምሰፋው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። በቀደም መጋቢያችን ሱቄ መጡና ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉኝ። «አንድ የሚጠመቅ ሰው አለ፤ አንቺን ሳላናግር አልጠመቅም ብሏል» አሉኝ። ወዲያው ገባኝ። አባትሽን በጭነት መኪና ገጭቶ የገደለው ሾፌር ነው። እስሩን ጨርሶ ከወጣ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲያዳምጥ እያየሁት እንዳላየሁ ሆኜ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደሜ ፈላ። «ሌላ ልብስ ሰፊ ፈልጉለት» አልኳቸው። አልተቆጡኝም። «መዳን በሥራችን ቢሆን ኖሮ ያንን ልብስ አንቺም እኔም አንለብሰውም ነበር» ብለውኝ ወጡ። እኔው ራሴ ለሴቶች ኅብረት ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ቃል! ሳስተምረው ግን እንዲህ አልጎረበጠኝም ነበር።

በማግስቱ እሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መግባትም መመለስም አቃተው። «ግባ፣ ልለካህ» አልኩት። ሜትሬን ትከሻው ላይ አሳርፌ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ባነበውም አልያዝ አለኝ።

«እማማ» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፤ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ ብዬ ፍርድ ቤት የማልኩት ውሸት ነው። ጠጥቼ ነበር። በጉባኤው ፊትም እናገረዋለሁ። ያን ቀን ከመኪናው ወርጄ የባለቤትዎን ጭንቅላት ደገፍኩ። ‹ጌታ ሆይ ማረኝ፤ ይሄንንም ልጅ ማረው› አሉ። ቀጥለውም ‹መርፌዬን አደራ› አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መርፌ ይዘው እንደሆነ ብዬ ኪሳቸውን ሁሉ ዳብሻለሁ።»

ልጄ፣ ሜትሬን አስቀምጬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። «መርፌዬ» እያለ የሚጠራኝ አባትሽ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን። አንቺ እንኳ ሰምተሽው አታውቂም።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። እሁድ እሁድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያደርሰኝና እሱ መኪናው ውስጥ ጋዜጣውን ይዘረጋል። ና ግባ ስለው «አምላክሽ እኔን በሩቁ ቢያውቀኝ ይሻለዋል» እያለ ይስቃል። ከሞተ በኋላ ያ ሳቁ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰዎች «በሰማይ ትገናኛላችሁ» እያሉ ሲያጽናኑኝ በአፌ አሜን እላለሁ፤ ልቤ ግን ዝም ይላል። ይህን ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅም። ለካ ከጌታ ጎን እንደተሰቀለው ወንበዴ እሱም በመጨረሻ ትንፋሹ ጠርቶታል። ጌታም ያንን ወንበዴ ምን በጎ ሥራ አለህ ብሎ አልጠየቀውም።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ደበቅከኝ?» ብዬ ጮህኩበት።

«መስከሬን ሳልናገር የእሳቸውን ምሕረት ብቻ ማውራት አሳፈረኝ» አለኝ። እስር ቤት ሳለ ያ ጸሎት ከጆሮው አልወጣ ሲለው ነው ወንጌል ማንበብ የጀመረው። «የለመኑልኝ ነገር ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው» አለኝ።

ተነሳሁና ከትከሻው ጀምሬ እንደገና ለካሁት።

በጥምቀቱ ቀን እንዳለው ሁሉንም በሰው ፊት ተናገረ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱ ዞሮ እኔን አየኝ። ከውኃው ሲወጣ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ፎጣውን ከዲያቆኑ እጅ ተቀብዬ ትከሻው ላይ አደረግሁለት።

አንቺንም ይቅር በይው ብዬ አላዝሽም፤ ይቅርታ በእናት ትእዛዝ አይሆንም። የአባትሽን የመጨረሻ ቃል ግን ከልጁ መደበቅ አልሆነልኝም። ስታነቢው አልቅሺ፤ እኔም አልቅሼ ወጥቶልኛል።

ፈቃድ ስታገኚ ነይ። የክፍልሽ ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ ግድግዳውም ቀለም ተቀብቷል። እኔ መሰላል እንደማልወጣ ታውቂያለሽ፤ የወጣው ያ ሾፌር ነው። የምትመጪው ቅዳሜ ከሆነ ግን ቀድመሽ ደውዪልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ የምበላው ብቻዬን አይደለም።

መንገድሽን ሁሉ ጌታ ይቅደምልሽ። ደክሞሽ ስትተኚ ሰላሙን ያልብስሽ፤ ለእኔም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ