በእትዬ ይታይሽ ደጃፍ የቀረው ድንጋይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለመንግሥቴ አንለይ፤ አዲስ አበባ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? አገሩስ፣ ብርዱስ፣ ምግቡስ ተስማማህ? በጦርነቱ የቆሰለው ትከሻህ ዳነልህ ወይስ ክንድህን ስታነሣ አሁንም ይወጋሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እያንዳንዱን ለየብቻው እንድትመልስልኝ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባባ ወገባቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ሞፈር መጨበጣቸውን አልተዉም። እማዬ ስምህን ሳትጠራ አትውልም። ቡሬም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት።

እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ እዚሁ ወረታ ከተመደብኩ ወዲህ እጄ ከጠመኔ አልተለየም። የክፍላችን ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምት ሳይገባ አስጠግነዋለሁ ብዬ ሹሙን ደጅ እየጠናሁ ነው። ለእናቶችም የእሑድ ትምህርት ልከፍት አስቤአለሁ። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቦታ አትረጊም ወይ?» ትለኛለች። እንዴት ልርጋ? ጦርነት አልፎ በሕይወት የተረፈ ሰው ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ነገሩ የዳለቻ ነው፤ የርብን ግድብ ከአንተ ጋር እንዲጠብቅ የመጣው፣ አንተ አማርኛ ያስተማርከው፣ የሚያስበው ባለአራት እግር መኪናህ። ገበሬው በቀለሙ ዳለቻ ብሎ የበሬ ስም እንዳወጣለት እስካሁን በዚያው ይጠራዋል። የሰውና የመኪኖች ጦርነት ካበቃ ወዲህ የሚያስቡ መኪኖች በየአገሩ እየተፈቱ ነው ይባላል። የወረታም ሰው «የእኛውስ ምን ይጠብቃል? ደም አለበት፤ ይፈታ» ብሎ ተነሣ።

ደሙን ታውቀዋለህ። ባለፈው ነሐሴ የጠላት መኪኖች ከጎንደር ወርደው ርብ ድልድይ ሲደርሱ ዳለቻ የግድቡን በር ለቀቀ፤ እነሱም ጥቁሩ የመረሬ ጭቃ ውስጥ ሰጥመው ቀሩ፤ ወረታ ዳነች። በዚያው ውኃ ግን የእትዬ ይታይሽ ልጅ አበረ፣ ከብቶቹን ከድልድዩ በታች ካለው ሜዳ ሊያወጣ የወረደው፣ ሳይመለስ ቀረ። ኒሻን ስትቀበል ፎቶግራፍህን ጋዜጣ ላይ አይተን እልል ብለናል። እዚያው ላይ «መኪናው ውኃውን የለቀቀው በራሱ አሳብ ነው» ማለትህንም ለእነ አባባ አነበብኩላቸው። የእትዬ ይታይሽ ወንድሞች ግን መንገድ ላይ ሲያዩን ፊታቸውን ያዞራሉ።

በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የመሩት ባላምባራስ አድማሴ ናቸው፤ መምሬ ደሳለውም ነበሩ። ዳለቻን ከግድቡ አስጠርተው መሐል አቆሙት። ባላምባራስ «በሬ ነህ ሰው? ወጊ በሬ ከሆንክ የምንይዘው ቀንድህን ሳያስቆርጥ የለቀቀህን ጌታህን ነው። ሰው ከሆንክ ግን ራስህን እንይዛለን» አሉት። ሰው ሣቀ። ዳለቻም «እኔም አላውቀውም፣ ባላምባራስ። ያወጣችሁልኝ ስም የበሬ ነው፤ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ግን የሰው ነው» አለ።

እኔ ተነሥቼ ስላንተ ተሟገትኩ። የሚያስብ ሁሉ ላደረገው ይጠየቃል፤ አስተማሪ ተማሪው ላጠፋው አይከሰስም እያልኩ ከመጽሐፍ የለቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ቀጥቃጩ ትሁን ከኋላ ሆኖ «መምህርት፣ ብረቱን ስጡኝ፤ ማረሻ አደርገዋለሁ። ደሙንስ በየትኛው መዶሻ ልቀጥቅጠው?» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ መምሬ ደሳለው ያን ዕለት የሆነውን እንዲናገር ጠየቁት። ዳለቻ እንዲህ አለ፦ «ከድልድዩ በታች አንድ ሰውና ከብት አየሁ። ለመንግሥቴ ነገርኩት። ልልቀቅ ወይስ ልጠብቅ ብዬ ጠየቅሁት። ጠላት ቀርቦ ነበር። እንደመሰለህ አድርግ ብሎኝ ወደ ኮረብታው ሄደ። ብጠብቅ ወረታ ትጠፋለች፤ ብለቅ ያ ሰው ይሞታል። እንደመሰለኝ አደረግሁ። የለቀቅሁት እኔ ነኝ።» ወንድምዓለም፣ አንተን አልከሰሰም። «እኔ ነኝ» ሲል አነጋገሩ ያንተው ነበር፤ ዓይኔን ብጨፍን አንተ ቆመህ የምትናገር ይመስለኝ ነበር።

ያገራችንን የእርቅ ወግ አልረሳኸውም፤ የገደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ሟቹ ቤት ደጃፍ ይንበረከካል፣ «አውርድ» እስኪሉት ቀና አይልም። ዳለቻ «እኔ ልሸከም» አለ። ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ በብረት ማጅራቱ ላይ አኖረና እትዬ ይታይሽ ደጃፍ ሄዶ አራት እግሩን አጠፈ። አገሩ ሁሉ ተከትሎታል። እትዬ ይታይሽ ወጡ። ድንጋዩን አዩ፤ እሱን አዩ፤ «ከበደህ?» አሉት። «አልከበደኝም፣ እናቴ» አለ። «ካልከበደህ ከምን ላሳርፍህ?» አሉት።

ዳለቻም «ድንጋዩ አልከበደኝም፤ ድምፁ ግን አልለቀቀኝም» አለ። አበረ ውኃው ሲይዘው ከብቶቹን በየስማቸው ይጠራ እንደነበር፣ መጨረሻ የጠራት ላሚቱን ሻሼን እንደነበረ ነገራቸው። ከዚያ ሁሉ ከብት በሕይወት የተረፈችው እሷ ብቻ ናት፤ ዳለቻ ይህን ሲናገርም እዚያው በረት ውስጥ ታመነዥግ ነበር። እትዬ ይታይሽ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ ምን እያለ እንደሞተ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው የከረምኩት» አሉ። ቀጥለውም «ብረቱን አትንኩብኝ። ድንጋዩ ግን እዚሁ ይቀመጥ። የሚከብደው ይምጣና ይሸከመው» አሉ።

ሽማግሌዎቹም በዚሁ ጨረሱ። ዳለቻ ግድቡን እየጠበቀ በየክረምቱ የእትዬ ይታይሽን ማሳ ከውኃ ያድን፤ ተጠይቆ ሳይመልስ የሄደው ሰው ደግሞ ይጠራ ተባለ። እንድጠራህ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እስከ ሰኔ ሚካኤል ካልመጣህ ሽምግልናው ይፈርሳል፤ ነገሩም ለእትዬ ይታይሽ ወንድሞች ይለቀቃል። አንተ ሩቅ ነህ፤ አባባ ግን እርሻቸው ከእነሱ እርሻ ጋር ድንበርተኛ ነው።

ብዙ አሰብኩበት። እኔ በቦታህ ብሆን ምን እል ነበር? ልቀቅ እል ይሆናል። ባላምባራስም «እኔም ብሆን አስለቅቅ ነበር» ብለዋል። የተቀየሙህ ወረታን ስላዳንክ አይደለም፤ ልቀቅም ጠብቅም ሳትል ቃሉን ለመኪናው ትተህለት ስለሄድክ ነው። እኔማ ጦርነቱንም ያመጣው ይኸው ነው እላለሁ። ባሕር ማዶ ያሉት ትልልቅ ሰዎች የከበዳቸውን ሁሉ «እንደመሰላችሁ» እያሉ ለመኪኖቹ ሲያስረክቡ ኖሩ፤ መኪኖቹም አንድ ቀን እንደመሰላቸው አደረጉ። ይህን የምጽፍልህ ደፍሬ ነው፤ ታላቄ ነህና። ግን ፊደል ያስቆጠርከኝም አንተ ነህ።

ዘንድሮ ከዳለቻ ጋር ግድቡ ላይ የሚቆም ሰው ሲፈለግ «እኔ አለሁ» አልኩ። እማዬ ጮኸች፤ አባባ ሣቁ። ዳለቻ «ስጠይቅሽ ትመልሺልኛለሽ?» አለኝ። «እመልስልሃለሁ፤ ብሳሳትም የምሳሳተው እኔ ነኝ» አልኩት። ፈርቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ገና አልገባኝም።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ይታይሽ ገበያ ወርደው ሳለ ድንጋዩን ላነሣው ሞከርኩ። ከጉልበቴ አላለፈልኝም። አንተ ግን ትችለዋለህ፤ ትከሻህን ደጋግሜ የጠየቅሁህም ለዚሁ ነው። ካመመህ እስከ አጥሩ አብሬህ እይዘዋለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ያንተ ነው።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስምሃለች፤ መደብህን ለቅልቃ አንጥፋልሃለች። አባባ «ኒሻኑን እዚያው ትቶ ይምጣ፤ እሱን ብቻ ነው የምፈልገው» ብለዋል። ትንሿ እህታችን ንግሥቲ ፊደል ጀምራለች፤ ከወረቀቱ ዳር የጻፈቻት ጠማማዋ «መ» የእሷ ሰላምታ ናት። ዳለቻም «እንደምን ሰነበተ በይልኝ፤ አልተቀየምኩትም፤ ጥያቄዬን ግን አልረሳሁትም» ብሏል።

እትዬ ይታይሽ ሰላምታ አልላኩልህም። ደብዳቤ ልጽፍልህ መሆኑን ስነግራቸው ግን ሻሼን እያለቡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «መረሬው ሳይጨቀይ መንገዱ ደኅና ነው በይው» አሉኝ።

እህትህ አገኘሁሽ አንለይ
ወረታ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.