ዛፍና ጠብ በአንድ ቤት

እህት ዓለም፣

ከተማውን ተይውና አንድ ክፍል ብቻ ላሳይሽ። ያረፍኩት የዓረብኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ባልና ሚስት ቤት ነው። መጻሕፍቱ ወንበሩን ሁሉ ስለያዙት የምንበላው ቆመን ነው።

ዓረቦች «ሸጀር» ሲሉ ዛፎችን በጅምላ መጥራታቸው ነው። አንዷን ለብቻዋ ስትፈልጊ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጭራ ትቀጥዪና «ሸጀራ» ትያለሽ። እኛ ከአንድ ዛፍ ተነስተን ነው ዛፎች የምንለው፤ እነሱ ግን ከጫካው አንዷን ነጥለው ያወጣሉ። እንዴት እንዳስደነቀኝ!

ጠብንም ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ይጠሩታል። ባል «ቅርንጫፍ ተጠላልፎ አይተው ነው ጠብን በዛፍ ስም የጠሩት» ይላል። ሚስት «የለም፣ መጠላለፉ ይቀድማል፤ ዛፍ ራሱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው» ትላለች። ከተጋቡ ጀምሮ በዚህ ይጨቃጨቃሉ። እኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ሊገላግል በሮጠ! ትናንት ይህ ቃል ያለበት ገጽ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ሚስትየዋ የሱን ሐሳብ ከላይ፣ የራሷን ከታች ጻፈች። ባልየው አንብቦ ደነገጠ።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አንተ ቅደም፤ መጨረሻ የምናገረው እኔ ነኝ።»

እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ስትሸኚኝ «ጭቅጭቅ የበዛበት ቤት ይፈርሳል» ብለሽ ማልቀስሽ ትዝ አለኝ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ ክርክር ከተነሳም ግዴለም፣ እሱ ይጀምር።