እህቱ አይደለሁም፤ ብሎኑም ብሎን አይደለም

ለተከበሩ የአፋፉ መናፈሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮትዎ ባለበት

ጉዳዩ፦ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ዝምድና እንዲስተካከልልኝ እና አንድ ብሎን እንዲመለስ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ ቤትዎ ደህና፣ ልጆችዎ ደህና፣ እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በአካል አልተያየንም፣ ባለፈው እሁድ ጥበቃችሁ እየገፋ ቢሮዎ ሲያስገባን ግን ኮትዎ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ጸሐፊዋም «አሉ፣ ኮታቸው አለ» ስላለችን እኔ ፈርቼ ለኮቱ እጅ ነሳሁ፣ ስለዚህ ተዋውቀናል ማለት ነው። ኮትዎስ እንዴት ከረመ? ሁለተኛው ቁልፍ በአንድ ክር ነው የተንጠለጠለው፣ ጌታዬ፣ ይጠንቀቁለት። በክፋት አይደለም የምልዎት፣ ስፌት ቤት ቁልፍ ተካይ ነኝና ሰው ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ቁልፉ ላይ ነው፣ ሰው ከሌለም ቁልፉ ላይ።

ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ስለዚህ አጻጻፉን የቀዳሁት እናንተው ከሰጣችሁን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ላይ ነው፣ ከላይ «ለ» ብላችኋል፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»፣ ቀጥሎ ጥፋታችንን በቁጥር በቁጥር፣ እኔም እንደዛው አደርጋለሁ። በፖስታ ያላሸግኩት ከንቀት አይደለም፣ ታሽጎ እናንተ ጋ የገባ ነገር ምን እንደሚሆን ስላየሁ ነው። አንዱን ለእርስዎ በሹፌር እልካለሁ፣ አንዱን ደሞ መናኸሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ የጠፋ ሻንጣና የሚከራይ ቤት ከሚለጠፍበት፣ እኔም የጠፋብኝ ነገር ስላለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጎማ የሚሠራ አንድ ጎሚስታ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የቱታው ቁልፍ ተበጥሶ መጣ፣ ተከልኩለት፣ በሳምንቱ ያንኑ ቁልፍ ይዞ መጣ፣ ደግሞ መጣ፣ ስድስት ጊዜ፣ አሠሪዬ እማማ ሜትር (ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው እንዲህ የምንላቸው) «አንተ ልጅ፣ ይሄን ቁልፍ በጉጠት ነው እንዴ የምትነቅለው?» ቢሉት «አዎ እማማ» ብሎ መሬት መሬት አየ። ከዛ ወዲህ ነው የምንተዋወቀው። ባለፈው ሐሙስ ደሞ ስፌት ቤቱ ብቅ ብሎ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ የቀደዳትን ቀጭን ላስቲክ ጣቴ ላይ ጠምጥሞ ምልክት አደረገባትና ኪሱ ከተታት። ምንድነው ስለው «ለሥራ ነው» አለ። የጠመጠመው የቀለበት ጣቴን ነው። ያልገባኝ መሰልኩ፣ ግን እስከ ማታ መርፌው ሦስቴ ወጋኝ።

ለካ ሳምንቱን ሙሉ ጎማ የሚያሠራውን ሹፌር ሁሉ «ለሰው ቁም ነገር የሚነገርበት ቆንጆ ቦታ የት ነው?» እያለ ሲጠይቅ ነበር። አንዱ ሐይቅ ዳር አለው፣ አንዱ ድልድይ፣ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ግን «ገደል አፋፍ ውሰዳት፣ ስትፈራ ክንድህን ትይዛለች» አሉት። እኔ ፈሪ መሆኔን አገር ያውቃል። እሁድ ጠዋት ተነስተን ሦስት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘን እናንተ ጋ መጣን።

1ኛ፦ ስለ ቦታው ምርጫ። በሩ ላይ ስለተከላችሁት ሰሌዳ ከልብ አመሰግናለሁ፣ «ለፍቅረኞች ተስማሚ ሥፍራ» ይላል፣ ቀስትም አለው። ቀስቱን ተከተልን። ትልቁ ዛፍ ጋ ስንደርስ ጎሚስታው ደስ አለው፣ እዚህ ይሁን ሊል ሲል «ከዛፉ ሥር ማረፍ ክልክል ነው» የሚል አየ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ «ቀለሙ አልደረቀም» የሚል ወረቀት ነበር፣ ወረቀቱን ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል፣ ቀለሙ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንዳልደረቀ እንጃ፣ እኛ ግን አልነካነውም። ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል። አጥሩን መደገፍ ክልክል። ቀስቱ በሚያልቅበት፣ ወንዙ ከሥር እንደ ክር ቀጥኖ በሚታይበት፣ ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው በሚታገልበት፣ በሕይወቴ እንደሱ የሚያምር ባላየሁት ቦታ ላይ ደሞ «እዚህ መቆም ክልክል ነው»። እሱ ሕግ የሚያከብር ሰው ነው፣ ሁሉንም አንብቦ ቆይቶ አሰበ። መቆም የለም፣ መቀመጥ የለም፣ መደገፍ የለም፣ ማረፍ የለም። የቀረውን አደረገ። ተንበረከከ።

2ኛ፦ ስለ ፊሽካው። ጥበቃችሁ ንቁ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። «ስሚኝማ፣ እኔ አንቺን» ሲል ነው ፊሽካው የተነፋው። ከ«አንቺን» ቀጥሎ ምን እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም፣ እሱን ሳስብ ትናንት የሸሚዝ ቁልፍ ሱሪ ላይ ተክያለሁ። ጥበቃው «ተነስ» አለው፣ ተነሳ፣ «እዚህ መቆም ክልክል ነው፣ ማንበብ አትችልም?» አለው፣ መልሶ ሊንበረከክ ሲል «ምን ልትፈታ ነው?» ብሎ ክንዱን ያዘው። ለካ የአጥሩን ብሎን የሚፈታ ሌባ ነበረባችሁ። ጥፍሩ ውስጥ ያለውን ግሪስ አየና «ይሄ እጅ ብሎን ያውቃል» አለ። እውነቱን ነው፣ ያውቃል። ግን ጌታዬ፣ ይሄ ሰው ቀኑን ሙሉ ለሰው ጎማ ሲንበረከክ ማንም ፊሽካ ነፍቶበት አያውቅም፣ ለእኔ አንዴ ቢንበረከክ ተያዘ። ሰው ሁሉ እያየን በመሀል ሲነዳን ፎቶ አንሺው ጭራሽ «ላንሳችሁ?» አለን። ጥበቃው ደሞ ኮፍያውን አስተካከለ።

3ኛ፦ ስለ ዝምድናው። ይሄኛው ጥፋት የእኔ ነው። ጸሐፊዋ ቅጽ አወጣች፣ ስም፣ ሥራ፣ ቀጥሎ «ዝምድና» የሚል ባዶ ቦታ። «አንቺስ፣ ምኑ ነሽ?» አለችኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የደንብ ልብስ እፈራለሁ፣ ታላቅ እህቴ ደሞ «ከወንድ ጋር ሆነሽ ሰው ከጠየቀሽ ወንድሜ ነው በይ፣ ነገሩ እዛው ያልቃል» ብላ መክራኝ ነበር፣ «እህቱ ነኝ» ብዬ አረፍኩ። ነገሩ በእውነትም እዛው አለቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ የእናንተ ቢሮ ደሞ ራሱ አፋፉ ላይ ነው የተሠራው። ጸሐፊዋ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ «ትመሳሰላላችሁ» አለችና ጻፈችው።

ያኔ ነው እሱ ቀና ብሎ ያየኝ። ወዲያው ጥበቃው «እጅህን ዘርጋ፣ ምንድነው የጨበጥከው?» አለው። እኔ ግሪስ እንዲጠርግበት የሰጠሁት የሰማያዊ ጨርቅ ቁራጭ ነበር፣ ውስጡ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጎሚስታው ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ፣ ጨርቁን አየ። «ብሎን ነው» አለ።

ብሎን በጣት ልክ አይገዛም፣ ጌታዬ።

4ኛ፦ ስለ ምርመራው ጥራት። ጥበቃው ሮጦ ሄዶ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ቆጥሮ መጣ፣ ላቡን እየጠረገ «አንድም አልጎደለም» አለ። ጸሐፊዋ ግን «እሱ ራሱ አምኗል፣ ሰው ካመነ አጥር አይጠየቅም» አለችው። ጨርቁን ሳትፈታ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ትንሽ ነገር ናት» ብላ ፖስታ ውስጥ ከተተቻት፣ በስቴፕለር ሦስት ቦታ መታችው፣ ላዩ ላይ «ብሎን፣ አንድ» ብላ ጻፈች፣ ማህተሙ ደርቆ ስለነበር እፍ አለችበትና አተመች፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። መሳቢያው ከኮትዎ በስተግራ ያለው ነው። ለትጋታችሁ ምን ቃል አለኝ? የጠፋ ነገር ማስመለስ የትም አለ፣ ያልጠፋ ብሎን ያስመለሰ መሥሪያ ቤት ግን እስከዛሬ አልሰማሁም፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

5ኛ፦ ስለ መልሱ መንገድ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ ጋ አስቀመጠኝ፣ «እህቱ» የሚለውን የማስጠንቀቂያ ወረቀታችሁን አንብቦ አጠፈው፣ ዘርግቶ እንደገና አነበበው። ከዛ «እህቴ፣ ነፋሱ ካስቸገረሽ መስኮቱን ልዝጋልሽ?» አለኝ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ያውቁታል፣ ሴት ልጅ አንድን ወንድ አልፈልግህም ለማለት ስታፍር ምንድነው የምትለው? «እኔ አንተን እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» ነው የምትለው። እኔ ደሞ ገና ሳልጠየቅ አልኩት፣ ያውም በማህተም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ጎማ ቤቱ ሄድኩ። የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተንበርክኮ ነበር። «ደንግጬ ነው እኮ ያልኩት» አልኩት። «ሰው ሲደነግጥ ነው እውነቱ ከአፉ የሚያመልጠው» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ወረቀቱ ተሳስቷል» አልኩት። «ማህተም አለው እኮ፣ እህቴ» አለ። ይቀልድ ይሁን ሊያለቅስ ይሁን አላወቅኩም፣ ፊቱ ግሪስ ነበር። ከዛ ነው የነገረኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከመንገድ ሥራ መኪኖች ጋር ወደ ካምፕ ሊሄድ ነው፣ ጎማ የሚሠራ ሰው ፈልገው፣ ለሁለት ዓመት። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «መልካም መንገድ» ብዬ መጣሁ። አፌ እንዲህ ነው፣ ሲፈለግ አይገኝም፣ የተገኘ ቀን የማይሆን ይናገራል።

እማማ ሜትር ይሄን ሰምተው መቀሱን አስቀመጡና «አንቺ ልጅ፣ ቁልፉ አንድ ቦታ ቀዳዳው ሌላ ቦታ ሆኖ ልብስ ይዘጋል? አፍሽ እንቢ ካለሽ በእጅሽ ተናገሪ» አሉኝ። ይሄን ደብዳቤ የምጽፍበትን ወረቀትም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፣ ጀርባው ላይ የአንድ ሰውዬ ደረት ልክ ተጽፎበታል፣ እሱ እርስዎን አይመለከትም።

ስለዚህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ቅጹ ላይ «እህት» የሚለው ይሰረዝልኝ። በቦታው ምን እንጻፍ ካላችሁ እኔም ቸግሮኛል፣ እጮኛ እንዳልል አልተጠየቅኩም፣ ጓደኛ እንዳልል ለጓደኛ ማንም ጣት አይለካም። «ልትጠየቅ ስትል ፊሽካ የተነፋባት፣ ብትጠየቅ እሺ የምትል» ብላችሁ ጻፉልኝ፣ መስመሩ ካልበቃ ወደ ጀርባው አዙሩት። ሁለተኛው፣ ፖስታው ለባለቤቱ ይመለስ። ሰው ሲደነግጥ እውነቱ ከአፉ ያመልጠዋል ያለው ሰውዬ ራሱም ደንግጦ ብሎን ብሏል፣ እንግዲህ ወይ ያቺ ነገር ብሎን ናት እኔም እህቱ ነኝ፣ ወይ ሁለታችንም ፈርተን ዋሽተናል። ፖስታውን ክፈቱትና እዩ። ብሎን ከሆነች አፌን ይዤ እቀመጣለሁ።

የፊሽካው ድምፅ እንዳይዘጋ፣ የማህተሙ ትንፋሽ እንዳያጥር፣ ኮትዎም ከወንበሩ እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዛ ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የጎሚስታው እህት ያልሆነችው ቁልፍ ተካይ

ግልባጭ፦
ለጥበቃው፣ ፊሽካውን ከአፉ ሲያወጣ እንዲያነበው
ለጸሐፊዋ፣ ከመሳቢያው ፊት ለፊት
ለጎሚስታው፣ ከቅዳሜ በፊት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አርብ በመጀመሪያው አውቶቡስ መርፌና ክር ይዤ እመጣለሁ፣ እርስዎ ባይኖሩም ኮትዎ ስለማይጠፋ ቁልፉን ተክዬለት ፖስታውን እጠብቃለሁ። ሁለት ቲኬት ነው የቆረጥኩት፣ አንዱ መናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይንቀለው፣ ቁልፍ መንቀል መቼም ያውቅበታል። የወረቀታችሁ የመጨረሻ መስመር «ይህ ጥፋት በድጋሚ ቢፈጸም ጽሕፈት ቤቱ የማያዳግም እርምጃ ይወስዳል» ይላል። ጌታዬ፣ እኔ እንዲደገም ጠዋት ማታ እየጸለይኩ ነው።