አባትሽ ስቆ ይሆን?

ለምወድሽ ልጄ ለኖራ፣ ያለሽበት አገር ሰላም ይሁንልሽ፤ ከነልጆችሽ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ኖቲንግሃም ዝናቡ አላባራም፤ የድንጋይ ከሰል ማውጫውም ሊዘጋ ነው ይላሉ።

አባትሽ ግን ደህና አይደለም። ስለዚያ የድሮው የእንግሊዝና የአውስትራሊያ የክሪኬት ፉክክር በቴሌቪዥን ድራማ ሠሩ። አባትሽ በወጣትነቱ ለእንግሊዝ ሲጫወት የወረወረው ያ ጠንካራ ኳስ አውስትራሊያዊውን ተጫዋች ብሬናንን ግንባሩን መትቶ ሲጥለው አሳዩ። አባትሽን ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ከት ብሎ ሳቀ።

"ዊኒ፣ እኔ እኮ አልሳቅሁም! ላነሳው ሮጥኩ እንጂ" አለኝ።

በማግስቱ መጠጥ ቤት ጎረቤታችን ሲድ፣ "ክሌም፣ ለካ ጉድ ነህ! ሰው ጥለህ ትስቃለህ?" ብሎ ቀለደበት። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም። ትናንት ቁርስ ላይ ድንገት፣ "ዊኒ፣ ስቄ ይሆን እንዴ?" አለኝ። "አልሳቅህም" አልኩት። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

ብሬናን አንቺ ባለሽበት በአውስትራሊያ፣ በአደሌድ ከተማ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ሄደሽ ጠይቂልኝ። አልሳቀም ካለሽ ቶሎ ጻፊልን። ስቋል ካለሽ ግን፣ ደብዳቤሽን ጮክ ብሎ የሚያነበው አባትሽ ነውና፣ ስለ ልጆቹ ብቻ ጻፊልኝ።

አምላክ ደጅሽን ይባርክልሽ።

እናትሽ ዊኒ