ከሶፋ ወደ ሳፋ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ደውለሽ «ግቢ ያለው ቤት ተከራይቻለሁ፤ ቅዳሜ መጥቼ ዳኛውን እወስደዋለሁ» ስትዪኝ፣ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግን ነገሩ በእሺ ብቻ የሚያልቅ እንዳልሆነ ገባኝ። ጥንቸልሽ ዳኛው አዲሱን ቤትሽን ከነዕቃው እንዳያበላሽብሽ ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። በስልክ ልጠይቅሽ ያልደፈርኩትም አለ።

መጀመሪያ «ውድ ምራቴ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ከባሏ ለተለያየች ሴት ፈት የሚል ቃል አለን፤ ከልጄ ለተለያየች ምራት ግን ምን እንደሚባል ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። ስለዚህ ልጄ ብዬሻለሁ፤ ካልተስማማሽ ቅዳሜ ትነግሪኛለሽ።

ከልጄ ጋር ከምትኖሩበት የጓሮ ክፍላችን ወጥተሽ ዳኛውን ትተሽልን የሄድሽ ሰሞን አልጋችን ሥር ገብቶ አልወጣ አለ። አኮረፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣና ሳሎን ተዟዙሮ፣ ግድግዳውን አሽትቶ፣ ሶፋው ላይ ዘለለ። ሶፋውን ታውቂዋለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ቤት ሶፋ ስሠራ ኖሬ ለራሴ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው። ዳኛው በመስኮቱ በኩል ያለችውን ጥግ መረጠና ሸናባት። ሽንቱም እንደ ሻይ የቀላ ነው፤ ደም መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

አማትሽ ከጓዳ ብቅ አለችና አየች።

«ይሄ ነገር ከዚህ ቤት ካልወጣ እኔ እወጣለሁ!»

«የት ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«ታየኛለህ!»

ካንቺ ስም ጋር ተኳርፋ እንደነበር አልደብቅሽም። ከሄድሽ ጀምሮ አንድ ቀን ስምሽን ጠርታ አታውቅም። ዳኛውን እንኳ «የዚያች ልጅ እንስሳ» ነበር የምትለው።

ምክር ሞልቶ ፈሰሰ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የሎሚ ልጣጭ አድርጉበት አለችን። ዳኛው ልጣጩን በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ሸና። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «በጋዜጣ ጠፍ ጠፍ ያድርጉት» አለኝ። ጠፍ ባደርገው በኋለኛ እግሩ ወለሉን ደለቀብኝና፣ በማግስቱ ዓይን ዓይኔን እያየ እዚያችው ጥግ ላይ ሸና። እልህ ተጋባን።

እኔ ግን ከንዴቱ ይልቅ ነገሩ ገረመኝ። አልጋ ላይ አይሸናም። የእንጨት ወንበር ላይ አይሸናም። የሶፋው ሌላ ጫፍ እንኳ ንጹሕ ነው። የድሮው ሽንት ሽታ ይሆናል የሚጠራው ብዬ፣ ጨርቁን ገፍፌ ስፖንጁን አውጥቼ በአዲስ ተካሁት። ዳኛው አዲሱን ስፖንጅ ተዟዙሮ አሸተተና በሽንቱ መረቀልኝ። እንግዲህ ይቺ ጥግ ምን አላት? እንቅልፍ ነሳኝ ብልሽ አልዋሸሁም።

በቅርጫት አድርጌ እንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት። ወጣት ናት፤ ቀልደኛም ናት።

«ተኮላሽቷል?» አለችኝ።

«እንዴ! ምን አጥፍቶ?»

ሳቀች። ያልተኮላሸ ጎልማሳ ጥንቸል ሽንቱን የሚረጨው ቦታው የኔ ነው ለማለት እንደሆነ፣ ቢኮላሽ በጊዜ ብዛት እንደሚቀንስ ነገረችኝ። ከዚያ «እዚያ ጥግ ማን ነው የሚቀመጠው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ማንም። ባለቤቴማ ከሸናበት ወዲህ አጠገቡ አትደርስም።»

«እርግጠኛ ነዎት አባባ? እስቲ ሶፋው ላይ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚሆን ይመልከቱልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁና፣ የገዛ ቤቴን እንደ ሌባ በመስኮት አጮለቅኩ። አማትሽ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ረስተሽው የሄድሽውን ግራጫ ሹራብ አወጣች። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችውና እዚያችው ጥግ ላይ ቁጭ አለች። ዳኛው ዱብ ብሎ መጣ፤ ሹራቡ ላይ አገጩን አሻሸና ጎኗ ተጋደመ። እሷም ጆሮውን እያሻሸች ታወራዋለች።

«አንተ ዳኛ፣ እስቲ ፍረድ። ከልጄ ጋር ባይስማሙ አልፈርድባትም፤ እሱም ግትር ነው። እኔ ግን ምን አደረግኳት? እኔ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ላይ እያለሁ ዕቃዋን ጭና ትሄዳለች? ደህና ሁኚ ማለት እንኳ ነፈገችኝ?»

ዳኛው አልፈረደም። እሷ ተነሥታ ሹራቡን አጥፋ ልትመልስ ስትሄድ ግን፣ በተቀመጠችበት ላይ ሸና።

ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ዳቦ አልቆ ነው አልኳት።

ለሐኪሟ ያየሁትን ስነግራት መሣቋን ተወች። «የሚወደው ሰው ሽታ ነው አባባ። ከሌላ ሰው ሽታ ጋር ሲቀላቀልበት የራሱን ይጨምርበታል» አለችኝ። እውነት ይሁን ግምት እንጃ፤ እሷም ጥንቸል አፍ አውጥቶ አልነገረኝም ብላለች።

አኮላሸነው። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ያቀፈችው አማትሽ ናት፤ «ቀስ በል፣ መንገዱ ያናጋዋል» እያለች ሹፌሩን አሰለቸችው።

ሐኪሟ ያዘዘችኝ ሌላው ነገር ግን ቤቱን አፈረሰው። «ሳፋ ውስጥ ድርቆሽ አድርገው እሱ በመረጠው ቦታ ላይ ያስቀምጡ» ነው ያለችኝ። ቦታው ደግሞ ሶፋው ነው።

«ሳፋ? ሶፋ ላይ?» አለች አማትሽ። «በስተርጅና ሽንት ቤት ሳሎን ልታስገባብኝ ነው?»

«ለጥቂት ጊዜ ነው።»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«እንግዳውን ሌላኛው ጫፍ እናስቀምጠዋለን።»

ሳቋ አመለጣት፤ ሳፋውም ተቀመጠ። ለካ ጥንቸል ድርቆሽ እየበላ መጸዳዳት ይወዳል! በበላበት ወጪት ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ፍጡር ቢሆን ስንት ተረት በተተረተበት። ዳኛው ሳፋው ውስጥ ገብቶ፣ እያላመጠ ጉዳዩን ይፈጽማል። ከለመደ በኋላ ሳፋውን ከሶፋው ወደ ወለሉ አወረድነው፤ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ወደ በሩ ጥግ ገፋነው። ተከትሎት ሄደ። አሁን ሶፋው ደረቅ ነው። አልፎ አልፎ በጠጥ ጣል ያደርጋል፤ እሱ በመጥረጊያ የሚነሣ ነገር ነው።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። አዲስ ቤት ሲገባ ሁሉን ክፍል ባንዴ አትልቀቂለት። ሳፋውን አንቺ ደስ ባለሽ ሳይሆን እሱ በመረጠው ቦታ አኑሪለት። ከሸና አትቆጪው፤ በአቼቶ ጥረጊው። ድርቆሽ አታጉድዪበት። ደስ ሲለው ዘሎ አየር ላይ ይጠማዘዛል፤ አንቺጋም እንዲህ ያደርግ ነበር? ወይስ እኛጋ የጀመረው ነው? ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባለፈው ልጄ መጥቶ ሳፋውን ሲያይ «አባዬ፣ ምን በወጣችሁ? ለሚወስደው ሰው እንስጠው» አለ። መልስ ሳላስብ አማትሽ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«የሰው አደራ ነው! እኔን አደራ በላ ልታደርገኝ ነው? ባለቤቱ እስክትመጣ ከዚህ አይነቃነቅም።»

ልጄ ሊሄድ ተነሣ። ሲወጣ ግን ለዳኛው ካሮት ሰጥቶት ሄደ።

ቅዳሜ እንደምትመጪ ትናንት ለአማትሽ ነገርኳት። «በስንት ሰዓት?» አለች። ከዚያ ወዲህ መጋረጃ ስታጥብ ነው የዋለችው።

ሳትሰናበቻት ለምን እንደሄድሽ አላውቅም። ልፈርድብሽ አይደለም፤ ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ምናልባት እሷን ዓይኗን እያየሽ መሄድ አቅቶሽ ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። ከሆነ ለኔ ሳይሆን ለእሷ ንገሪያት። በመስኮት ማጮለቄን ግን አደራ፣ እንዳታነሺብኝ።

ቅዳሜ በሩን የምትከፍትልሽ እሷ ናት። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ የምታወራሽ ስለ ሶፋው ነው፤ ጨርቁ ስንቴ እንደታጠበ፣ ስፖንጁ እንዴት እንደተለወጠ፣ ምን እንዳስቸገራት። ረጅም ነው። እስከ መጨረሻው ቆመሽ ስሚያት፤ ከዚያ ግቢ ትልሻለች።

አሁንም አባትሽ የሆነው፣
ሶፋ ሠሪው