ሁለቱ ባላ

ቢቸና፣ ግንቦት 19 ቀን 2003

ዛሬ ሁለቱንም ሥራ አጣሁ።

የሞጣውን ሆቴል ጣሪያ ልመታ ቃል ሰጥቼ ነበር። እዚህ ቢቸና ደግሞ ለጎረቤቴ ለእትዬ ጥሩወርቅ ክረምት ሳይገባ አዲሱን ቤት አቆምልዎታለሁ ብያቸዋለሁ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተማምኜ ለማንኛቸውም ቁርጡን ሳልናገር ከረምኩ። ዛሬ ጠዋት ሞጣ ስደርስ የሆቴሉ ባለቤት ሌላ አናጢ አስገብቶ ጠበቀኝ። መጋዜንና መዶሻዬን ይዤ ወደ ቢቸና ተሳፈርኩ።

እትዬ ግቢ ስገባ ቤቱ ቆሟል። ትናንት የሰፈሩ ሰው በደቦ ወጥቶ አቁሞላቸዋል። ማገሩ ጠማማ ነው፤ ግን ቆሟል።

«ሥራ በዝቶበታል፣ አናስቸግረው ብለን እኮ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አሮጌው ቤት አስገብተው መደቡ ላይ ጋቢ አነጠፉልኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያደግሁት በእሳቸው ሌማት ነው፤ ያለ ጥሪ ገብቼ፣ ቆርሼ በልቼ እወጣ ነበር።

በዚያ ቤት ጋቢ የሚነጠፈው ለእንግዳ ነው።